አንደበት የፈቱ ተውኔቶችና ተረቶች

ሕፃን ባዕድ ልሳን ሲማር የሚያጣው ክብር ስለሌለው፥ ቃሉን ቢያኰላትፍ ይስቁለታል እንጂ አይስቁበትም፤ ባገሩ ሽማግሌ ተብሎ ደም ያደረቀ፥ በዳኛ ፊት ቆሞ የተሟገተ፥ ልጆቹን ድሮ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ግን ከሰው አገር ደርሶ ውኃ ለመጠየቅ ቃል ሲቸግረው፥ የሚያፍረው ስለ ጐደለው ቃል ብቻ ሳይሆን ስለ መላ ሰውነቱ ነው። አዋቂን ቋንቋ የማስተማር ጥበብ ከሰዋስው ይልቅ ከሐፍረት ጋራ ሲታገል የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔ አሁን ልተርክ ያሰብሁት የዚህን ትግል አንድ ምዕራፍ ነው፤ ይኸውም ከ1880 እስከ 1920 ድረስ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ወደ አሜሪካ በፈለሰበት ዘመን፥ ቀን በፋብሪካና በማዕድን ጕድጓድ ሲደክም የዋለውን መጻተኛ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ለማስተማር የተነሡ ሰዎች በተውኔትና በተረት እንዴት እንደ ተራዱ፥ ከእነዚሁም አንዳንዶቹ ተማሪውን እንዴት እንዳከበሩት፥ አንዳንዶቹም እንዴት እንዳዋረዱት ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አገር አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩ የሚነሣው ግን ከአሜሪካ ሳይሆን፥ ፍራንሷ ጉዋን የተባለ ፈረንሳዊ የላቲን መምህር በሐምቡርግ ከተማ ካገኘው ውርደት ነው። ይህ ሰው ጀርመንኛ ለመማር ወደዚያ ሄዶ፥ ላቲንን በተማረበትና ባስተማረበት ሥርዓት ሰዋስውን ከነ 248 ሥርዓተ ቢስ ግሦቹ በ10 ቀን በቃሉ አጥንቶ፥ ከሊቃውንቱ ጉባኤ ገብቶ ቢያዳምጥ አንዲት ቃል እንኳ አልሰማ አለው። ተስፋ ባለመቍረጥ የጎተንና የሺለርን ድርሰት መተርጐም ጀመረ፤ ይህም አልረዳው ባለ ጊዜ 30,000 ቃል ያለበትን መዝገበ ቃላት በ30 ቀን በቃሉ ያዘ፤ ከዚህም ሁሉ ድካም በኋላ የሚነገረው ቋንቋ እንደ ተዘጋበት ቀረ። ወዳገሩ ሲመለስ ግን፥ ትቶት ሲሄድ አፉን ያልፈታ የሥጋ ዘመዱ የሆነ ሕፃን፥ ገና ሦስት ዓመት ሳያልፈው ያለ ማቋረጥ ሲናገር አገኘው። ሕፃኑም አንድ ቀን ከእናቱ ጋራ ወፍጮ ቤት ሄዶ ተመልክቶ ከመጣ በኋላ፥ ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ሲያሰላስል ቈይቶ፥ ትንንሽ ከረጢት ለምኖ እየሞላ፥ ተሸክሞ እየወሰደ፥ መንኰራኵሩን እያዞረ ያየውን ሁሉ በተራው ሲደግም፥ እያንዳንዱንም ሥራ በቃል ሲያጅብ ጉዋን አየ። ሕፃኑ ያን ጊዜ ያደረገው ተውኔት ነው፤ ሊቁ ከመዝገበ ቃላት ያጣውን ከዚህ ጨዋታ አገኘው፤ በ1880 ባሳተመው መጽሐፍም ቋንቋ የሚለመደው ተራቸውን ጠብቀው የሚከተታተሉ ሥራዎችን እየሠሩና እየተናገሩ ነው ሲል አስተማረ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ፈቀቅ ልበል። የእኛ አገር የቤተ ክህነት ተማሪ ዳዊትን ትርጓሜውን ሳያውቅ ይደግማልና፥ ይህን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ትምህርታችንን ልብ የሌለበት የቃል ድግግሞሽ አድርገው የቈጠሩበት ጊዜ አለ። ተማሪው ወደ ቅኔ ቤት በገባ ጊዜ ግን ግሥ ከማውረድና አገባብ ከማጥናት ጋራ፥ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት እየነገረ እንዲታረም፥ ኋላም በማኅበር መካከል ቆሞ እንዲዘርፍ ይደረጋል። ማንም በአፍ መፍቻነት በማይናገረው ልሳን የራስን አሳብ ሰው በሚሰማበት ስፍራ አቁሞ መናገር፥ ጉዋን በሐምቡርግ የጐደለው ይኸው ነበረ፤ አባቶቻችን ግን ነገሩን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሠርተውበታል፤ ስለዚህ ስለ ቅኔ ቤት የሚጽፉ የትምህርት ሊቃውንት ይህን ክፍል ዘለው ባያልፉት መልካም ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የጉዋን ጥበብ ውቅያኖስ ተሻግሮ ከፔንሲልቬንያ የከሰል ቈፋሪዎች ዘንድ እንዲደርስ ያደረገው፥ በዌልስ ተወልዶ በአሜሪካ ስብከት ሲያገለግል የቈየ ፒተር ሮበርትስ የሚባል ቄስ ነው። ይህ ሰው በ1904 ስለ ከሰል ቈፋሪዎች ኑሮ አንድ መጽሐፍ ከጻፈ በኋላ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወ.ወ.ክ.ማ.) ሥር ለመጻተኞች አገልግሎት ተሰማርቶ፥ በ1909 አዲስ ለሚገቡ ሰዎች የሚሆን የእንግሊዝኛ መማሪያ አሳተመ። ትምህርቱ በቤት፥ በሥራና በንግድ ተከፍሎ፥ እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ድርጊት ታሪክ ነበረ፤ ከእንቅልፍ መንቃት፥ ሰዓት መመልከት፥ ልብስ መልበስ፥ መታጠብ፥ እሳት ማንደድ። መምህሩ ቃሉን እየተናገረ ድርጊቱን በአካሉ ያሳያል፤ ተማሪዎቹም እርሱን ተከትለው ይናገራሉ፥ ያደርጋሉም። መምህሩ የተማሪዎቹን ቋንቋ ማወቅ አላስፈለገውም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ስሎቫኩ፥ ፖላንዳዊው፥ ጣሊያኑና ሊቱዌንያዊው በአንድነት ይማሩ ነበር። ሥርዓቱ ፈጣንና ርካሽ ስለ ነበረ በብዙ ከተሞች ተስፋፋ። አንድ ጕድለት ግን ነበረበት፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሰው ይነቃል፥ ይታጠባል፥ ይሠራል፥ ይገዛል እንጂ፥ አንድም ጊዜ አይተርክም፥ አይቀልድም፥ አያዝንም፥ አይከራከርም። ለሥራ የሚበቃ ቋንቋ ተሰጠው፤ ለሰውነቱ የሚበቃ ግን አልተሰጠውም።

ይህንም ትምህርት ከሁሉ አብልጦ የተቀበለው የአውቶሞቢል ባለጸጋው ሄንሪ ፎርድ ነው። ፎርድ በጥር ወር 1914 የሠራተኛውን የቀን ገቢ ወደ 5 ዶላር አሳድጋለሁ ብሎ ባወጀ ጊዜ ዓለም አደነቀ፤ ከዚህ ገንዘብ እኩሌታው ያህል የሚከፈለው ግን አኗኗሩ ተመርምሮ ለተመሰገነ ሠራተኛ ብቻ ነበረ። ኩባንያው መርማሪዎች አቁሞ፥ ሠራተኛው ቤቱን አጽድቶ እንደ ሆነ፥ መጠጥ ያበዛ እንደ ሆነ፥ ገንዘብ ያስቀመጠ እንደ ሆነ ከደጁ ድረስ እየሄዱ እንዲጠይቁ አደረገ። በዚያው በጥር ወር የጌታችንን ልደት በአሮጌው አቈጣጠር የሚያከብሩ ከ800 የሚበልጡ የግሪክና የሩሲያ ኦርቶዶክሳውያን ከሥራ ቀርተው በዓላቸውን ስላከበሩ፥ በአሜሪካ የሚኖር የአሜሪካንን በዓል ያክብር ተብለው ተባረሩ። በዓሉ እኛም ታኅሣሥ 29 ቀን የምናከብረው ልደት ነውና፥ በዚያ ዘመን በዲትሮይት አጠገብ በሃይላንድ ፓርክ በነበረው የፎርድ ፋብሪካ አንድ ኢትዮጵያዊ ቢኖር ኖሮ ከእነርሱ ጋራ በተባረረ ነበር።

በዚያው ዓመት የፎርድ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሮበርትስ በመማሪያውና በምክሩ ረዳ፤ ያለ ደመወዝ ያስተምሩ የነበሩትም የፋብሪካው ሠራተኞች ነበሩ፤ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሁሉ ከፈረቃው በፊት ወይም በኋላ እንዲማር ይገደድ ነበር። የዚህም ትምህርት ቤት ፍጻሜ የምረቃው ትርኢት ነው። ይኸውም በመድረኩ ኋላ የመርከብ ጎን ይቆማል፤ በመካከሉ የትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈበት እጅግ ትልቅ ጐላ ይቀመጣል፤ ተማሪዎቹም ያገራቸውን ልብስ ለብሰው፥ ጓዛቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከመርከቡ እየወረዱ ወደ ጐላው ይገባሉ፤ መምህራኑ ረጃጅም ጭልፋ ይዘው ያማስሏቸዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እነዚያው ሰዎች የአሜሪካ ልብስ ለብሰው፥ ትንንሽ ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለቡ ከጐላው ይወጣሉ። ትርኢቱ በ1916 ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ታይቷል። አሳቡንም ፎርድ አልፈጠረውም፤ እስራኤል ዛንግዊል የተባለው እንግሊዛዊ አይሁዳዊ ደራሲ በ1908 በዋሽንግተን ያሳየው፥ ፕሬዚደንት ሩዝቬልትም ተገኝተው ያደነቁት «ማቅለጫው ጐላ» የተባለው ተውኔት ነው ያዋሰው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ ዛንግዊል ነገሩን በተዋንያን አፍ ሲያናግር፥ ፎርድ ግን እንጀራቸው በእጁ ያለ ሰዎችን የራሳቸውን መለወጥ ራሳቸው እንዲጫወቱት አደረገ። በውነቱ ይህ የተውኔትን ኀይል ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ሥራ ነው፤ እኔ ግን ክፉ ሥራ ነው እላለሁ፤ አዋቂ ሰው በመድረክ ላይ የአባቱን ልብስ አውልቆ የሚያሳይበት ተውኔት፥ ቋንቋ ቢያስተምረውም እንኳ ዋጋው እጅግ የከበደ ነውና።

ከዲትሮይት ወደ ቺካጎ ብናልፍ ሌላ ዓይነት መድረክ እናገኛለን። ጄን አዳምስ በለንደን ድኆች መንደር የቆመውን ቶይንቢ ሆልን አይታ ካደነቀች በኋላ፥ እርሷና ኤለን ጌትስ ስታር በመስከረም 1889 በሐልስቴድ ጎዳና ሐል ሐውስ የተባለውን ቤት ከፍተው ከጣሊያኖች፥ ከግሪኮች፥ ከሩሲያ አይሁድ፥ ከቦሔሚያና ከፖላንድ ሰዎች ጋራ ጎረቤት ሆነው ተቀመጡ። የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት ከመጀመሪያዎቹ አገልግሎቶቻቸው አንዱ ነበር፤ ነገር ግን ጄን አዳምስ ቶሎ ያስተዋለችው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የመጻተኞቹ ልጆች እንግሊዝኛ እያወቁ በሄዱ ቍጥር ወላጆቻቸውን እያፈሩባቸው መሄዳቸው ነው። ስለዚህ በ1899 ከቦስተን የመጣችው ሜብል ሄይ ባሮውስ የኦዲሴውስን መመለስ የሚያሳይ ተውኔት ከቺካጎ ግሪኮች ጋራ አዘጋጀች፤ በ1903ም የሶፎክሊስን አያክስ አሳዩ። ብዙዎቹ የከተማይቱ ግሪኮች ያን ጊዜ ፍራፍሬና ጣፋጭ በጋሪ እየገፉ የሚሸጡ፥ በየመንገዱ የሚሰደቡ ሰዎች ነበሩ። ተውኔቱ በግሪክኛ እንጂ በእንግሊዝኛ አልተነገረም፤ እንግዲህ ምኑ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። አዳምስ እንደ ጻፈችው፥ እነዚያ ሰዎች ያገራቸውን ጥንታዊ ክብር ለማያውቀው ለአሜሪካ ሕዝብ ለመግለጥ በመብቃታቸው እጅግ ደስ ብሏቸው ነበር፤ የሚሰማው ሕዝብ ያገኘና አንገቱን ቀና ያደረገ ሰው ደግሞ የሚቀጥለውን ንግግር በሰሚው ቋንቋ ለማድረግ ይደፍራል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ፎርድ ግን ገለበጠው።

ተረትም በዚያ ቤት የሠራውን ሥራ የሚገልጽ አንድ እንግዳ ታሪክ አለ። በ1913 በሐል ሐውስ የተሰነጠቀ ሰኰናና ጅራት ያለው፥ እንደ ተወለደ መናገር የጀመረ የሰይጣን ልጅ ተሸሽጓል የሚል ወሬ ከተማይቱን መላት። ጣሊያኖቹ እንዲህ ይሉ ነበር፤ አንዲት ሃይማኖተኛ ሴት ያገባ ካሓዲ ሰው ሥዕለ ቅዱሳኗን ከግድግዳ ቀድዶ፥ ይህ ከሚሰቀል ሰይጣን በቤቴ ቢገባ እመርጣለሁ ቢል፥ ሰይጣኑ በልጁ ተመስሎ ተወለደለት። አይሁዶቹ ደግሞ ስድስት ሴቶች ልጆች የወለደ አባት፥ ሰባተኛዋ ሴት ከምትሆን ሰይጣን ይሁንልኝ ስላለ ነው ይሉ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሰው እንደ ጎርፍ ጐረፈ፤ ሕፃኑን ለማየት ገንዘብ የሚሰጡም ነበሩ፤ የለም ቢባሉ አያምኑም። ሌላ ሰው ቢሆን አስጩኾ ባባረራቸው ነበር፤ አዳምስ ግን የሚመጡት ከሁሉ ይልቅ አሮጊቶች መሆናቸውን አይታ ታዳምጣቸው ጀመር። ለብዙ ዓመታት ዝም ብለው በልጆቻቸው ቤት ጥግ ተቀምጠው የነበሩት እነዚያ ሴቶች፥ በዚህ ተረት ምክንያት አንደበታቸው ተፈትቶ፥ ስለ ደበደቧቸው ባሎች፥ ስለ ቀበሯቸው ልጆች፥ ስለ ተዋቸው የሆድ ፍሬ መናገር ጀመሩ። ያልታዘዘን ባልና ወንድ ልጅ መገሠጫም ተረቱ ሆነላቸው። ይህንኑ አዳምስ በ1916 ጽፋ አወጣችው። የፎርድ ጐላ በዲትሮይት መድረክ ላይ ሰው ያፈላ በነበረበት በዚያው ዓመት፥ በቺካጎ ያለችው ሴት አሮጌ ተረት የመጻተኛን አፍ እንደሚከፍት ለዓለም ነገረች፤ ያን ጊዜ ዓለም ያደነቀው ጐላውን ነው።

ከዚያ ቤት የወጣችውን ሒልዳ ሳትን ማንሣት ይገባል። በፖላንድ ተወልዳ በ1892 ወደ ቺካጎ የመጣች፥ አባቷ ቢሞት ገና በልጅነቷ በሹራብ ፋብሪካ የገባች አይሁዳዊት ናት። በሐል ሐውስ ተማረች፤ ኋላም በዚያው ቤት ለአዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ አስተማረች፤ ሊሮይ ስኮት የጻፈውን የሠራተኞች ማኅበር ልብ ወለድ ወደ ተውኔት ለውጣ የሐል ሐውስ ተዋንያን በ1912 አሳዩት፤ በ1930ዎቹም በመንግሥት የደራስያን ሥራ ገብታ የመጻተኞችን ተረትና ትውፊት ትሰበስብ ነበር። ተማሪ፥ መምህርት፥ ተውኔት ጸሓፊና ተረት ሰብሳቢ በአንዲት ሴት ሕይወት ሲገናኙ ማየት ከብዙ የትምህርት ሐተታ ይበልጥብኛል።

ኔቫ ቦይድ ደግሞ የሕዝብ ጨዋታዎችንና ጭፈራዎችን እየሰበሰበች ከ1920 እስከ 1927 በሐል ሐውስ የጨዋታ መምህራንን ታሠለጥን ነበር። ከደቀ መዛሙርቷ አንዷ ከሩሲያ አይሁድ ቤተ ሰብ በቺካጎ የተወለደችው ቫዮላ ስፖሊን ናት። ይህች ሴት በ1930ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ለሥራ አጦች ባቋቋመው አገልግሎት ውስጥ የድራማ ኀላፊ ሆና ስትሠራ፥ በአንድ ክፍል የተሰበሰቡት ሰዎች ቋንቋቸው የተለያየ፥ እንግሊዝኛቸውም የሳሳ ስለ ነበረ፥ በቃል ጥናት የሚደረግ ተውኔት እንደማያስኬዳት አይታ ሌላ መንገድ ፈለገች። አንዱ ጨዋታዋ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰዎች ትርጕም በሌለው ድምፅ ብቻ አንዱ ሻጭ፥ አንዱ ገዢ ሆነው ይከራከራሉ፤ ቃል ስለሌለ ማንም አይሳሳትም፤ ነገሩ ግን በፊት፥ በእጅና በድምፅ ከፍታ ሁሉ ይገባል። ሰው ያለ ቃል መግባባት እንደሚችል ካወቀ በኋላ ቃሉን ሲሰጡት ፍርሃቱ ይቀልለታል። እነዚህ ጨዋታዎች በ1963 በመጽሐፍ ታተሙ፤ ልጇ ፖል ሲልስም በ1959 ከባልደረቦቹ ጋራ ባቋቋመው ሰከንድ ሲቲ በተባለው ቴያትር በኩል የአሜሪካን የቀልድ ጥበብ ለወጡ። የመጻተኞች መንደር ጨዋታ የታላላቅ ተዋንያን ትምህርት ሆኖ መቅረቱ የሚያስደንቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ ጥበቡ ወደ ቋንቋ መምህራን ተመልሶ በመጽሐፍ የተጻፈው ዘግይቶ ነውና። አለን ሜሊና አለን ደፍ በ1978 ድራማን ለቋንቋ ትምህርት ስለ መጠቀም፥ ጆን ሞርጋንና ማሪዮ ሪንቮሉክሪም በ1983 ተረትን በክፍል ውስጥ ስለ መተረክ የጻፉት ዛሬም መምህራን ይሠሩበታል።

እኛን የሚነካን ደግሞ ይህ ነው። ሐሮልድ ኩርላንደርና የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው በ1950 የኢትዮጵያን ተረቶች በእንግሊዝኛ ሲያሳትሙ፥ የመጽሐፉ ርእስ የሆነው በተራራ ላይ ራቍቱን ያደረው አሽከር ተረት ነው። አሽከሩ ሌሊቱን ሙሉ በሩቅ ተራራ የነደደውን እሳት እያየ ብርዱን ይችላል፤ ጌታው ግን በእሳት ሞቀሃል ብሎ ውርርዱን ይከለክለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል፤ በመጨረሻ አንድ ብልኅ ሰው ሁሉን ግብር ጠርቶ፥ የወጡን ሽታ ብቻ አሽትቶ፥ እሳት በማየት የሚሞቅ ከሆነ በማሽተትም ይጠገባል ብሎ ይረታቸዋል። ይህን ተረት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አረጋዊ ጥቂት ነው፤ ጨዋታው ሁሉ ሙግት ስለ ሆነም በላ ልበልሃ ለለመደ ሰው ሚናው የተዘጋጀ ነው፤ በእንግሊዝኛ ይህ ቢሆን ያ ይሆናል የሚለውን አስቸጋሪ አነጋገር ለማስለመድም ከእርሱ የተሻለ ምንባብ አላየሁም። ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ ደራሲዋ ኤልዛቤት ሌርድ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋራ በኢትዮጵያ ክልሎች እየዞረች ከተራኪዎች አፍ የሰበሰበቻቸው ተረቶች በቀላል እንግሊዝኛ ተጽፈው ለተማሪዎች መቅረባቸው ያው አሳብ በእኛ አገርም መሬት መያዙን ያሳያል፤ ነገር ግን የተጻፉት ለልጆች ነው፤ አዋቂው ገና ቆሞ ይጠብቃል።

የሐል ሐውስ ሕንጻዎች በ1960ዎቹ ለዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲባል ፈርሰው ሁለቱ ብቻ በቤተ መዘክርነት ቀርተዋል። በዚያችው በቺካጎ ከተማ ግን በ1984 የተቋቋመ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አለ፤ በዋሽንግተንና በሲያትልም በስተርጅና የተሰደዱ እናቶችና አባቶች ማታ ማታ ደብተር ይዘው ይቀመጣሉ። እነርሱን ለምታስተምሩ ወገኖቼ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የመታጠብንና የመልበስን ቃል አታሸክሟቸው፤ ከመካከላቸው አንዱን ተረት በአማርኛ፥ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ አስተርኩት፤ ጌታውን፥ አሽከሩን፥ ዳኛውን እነርሱው ይከፋፈሉት፤ እናንተ የጐደለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ አቀብሉ። መማሪያው መጽሐፍ በሁለተኛው ሳምንት ይደርሳል።